የብክለት ብናኝ ዝናብ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ሞዴሌ ሁለቱንም እያሳየኝ ነው

ጭጋግ፦

ሰላም ጓዶች። የማስተርስ ጥናቴ የአየር ብክለት ደመናና ዝናብ ላይ ምን እንደሚያመጣ ነው። የምሠራው በዎርፍ ኬም ነው፣ የአየር ጠባይንና የአየር ኬሚስትሪን አብሮ በሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል፤ ግሪዱ (ካርታው የሚከፋፈልበት የአንዱ ሳጥን ስፋት) 25 ኪሎ ሜትር። ሁለት ራን (የሞዴሉ ሙሉ ስሌት) አለኝ። አንደኛው ከፋብሪካ፣ ከመኪና፣ ከኃይል ማመንጫና ከማገዶ የሚወጣው ሁሉ ያለበት ነው። በሁለተኛው ሰው የሚለቀውን ዜሮ አድርጌ አቧራውን፣ የባሕር ጨውንና ከዕፅዋት የሚወጣውን ብቻ ትቻለሁ። የቀረው ቅንብር ሁሉ አንድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የዝናቡን ልዩነት ካርታ ላይ ሳወጣው ነው። እዚህ ጋ ጨምሯል፣ ከጎኑ ቀንሷል፣ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ጨምሯል። ብናኙ የበዛበት ቦታና ዝናቡ የተለወጠበት ቦታ አይገናኙም። የደመናው ጠብታ ብዛት ግን እንደጠበቅኩት ብክለት ባለበት ጨምሯል፣ መሬት የሚደርሰው የፀሐይ ጨረርም ቀንሷል። ስለዚህ ሞዴሉ ከነጭራሹ አልተበላሸም ብዬ አምናለሁ።

አማካሪዬ «ብክለት ዝናብን ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል፣ በአንድ አረፍተ ነገር ንገረኝ» ይሉኛል። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ግማሾቹ ይቀንሳል ይላሉ፣ ግማሾቹ ይጨምራል። በዚህ ሥራ የቆያችሁ ካላችሁ እባካችሁ፣ ይሄን ካርታ እንዴት ነው ማንበብ ያለብኝ?

ካፊያ፦

ጽሑፎቹ የሚለያዩት ሁለቱም ስለሚሆን ነው። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ከመሠረቱ ልጀምር።

የደመና ጠብታ ከባዶ አየር አይፈጠርም። ተኑ የሚያርፍበት ብናኝ ይፈልጋል። ብናኝ ባይኖር አንጻራዊ እርጥበቱ ከ100 በመቶ በብዙ እጥፍ ማለፍ ነበረበት፣ ይሄ ደግሞ በከባቢ አየር ውስጥ አይሆንም። በእውነተኛ ደመና ውስጥ እርጥበቱ ከሙሌት የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ ባነሰ ነው። በዚያች ትንሽ ትርፍ ጠብታ መሆን የሚችለው የትኛው ብናኝ እንደሆነ ኮለር የተባለው ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1936 በቀመር አስቀምጦታል፤ የዛሬ ሞዴሎችም የሚነሱት ከዚያው ነው።

አሁን ብክለት ጨመርክ እንበል። ያው ውሃ ለብዙ ብናኝ ይከፋፈላል። ጠብታው ይበዛል፣ እያንዳንዱ ግን ያንሳል። የውሃው መጠን ሳይለወጥ የጠብታው ቁጥር እጥፍ ቢሆን የጠብታው ራዲየስ 21 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ደመናው ብርሃን የሚጋርድበት አቅም ደግሞ 26 በመቶ ገደማ ያድጋል። የሚያርፍበትን ብርሃን ግማሹን ይመልስ የነበረ ደመና ወደ 56 በመቶ ይመልሳል ማለት ነው። ቱሚ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳየው ይሄንን ነው። ውቅያኖስ ላይ ተዘርግቶ ለሚውል ዝቅተኛ ደመና ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ዝናቡስ? አንድ የዝናብ ጠብታ እንዲወጣ ወደ ሚሊዮን የሚጠጉ የደመና ጠብታዎች ተጋጭተው መዋሃድ አለባቸው። ትንንሽ ጠብታዎች የአየሩን ፍሰት ተከትለው ይተላለፋሉ እንጂ በደንብ አይጋጩም። ስለዚህ ዝናቡ ይዘገያል፣ ደመናው ይቆያል። አልብሬክት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያነሳው ሐሳብ ነው። እስከዚህ «ይቀንሳል» የሚሉት ልክ ናቸው። ግን ትንሽ ጠብታ ቶሎም ይተናል፤ በደመናው አናት ደረቅ አየር ሲገባ ደመናው ይሳሳል። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ደግሞ ቶሎ ያልዘነበው ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፣ ደመናውንም ያጠነክረዋል የሚል መላምት አለ፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ትልልቅ የባሕር ጨው ቅንጣቶች ጭራሽ ዝናቡን ያፋጥኑታል። ጥቀርሻ ሌላ ነው። ብርሃኑን ውጦ አየሩን ራሱን ያሞቀዋል፣ ከታች ያለው አየር እንዳይነሳ ያደርጋል፣ አንዳንዴም ደመናውን ያተነዋል።

እና ምልክቱ የሚወሰነው በደመናው ዓይነት፣ በብናኙ ዓይነትና ብናኙ ከደመናው በላይ ነው በታች በሚለው ነው።

ሰማያዊት፦

ካፊያ ፊዚክሱን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ጭጋግን አንድ ነገር ልጠይቀው። ዝናብህ ከየት ነው የመጣው?

በውጤት ፋይልህ ውስጥ ሁለት የዝናብ ተለዋዋጮች አሉ፣ ሬይን-ሲ እና ሬይን-ኤንሲ። የመጀመሪያው የኩሙለስ ስኪሙ፣ ማለትም ከሳጥኑ ያነሱ ደመናዎችን በግምት የሚወክለው ክፍል፣ የሚያዘንበው ነው፣ ሁለተኛው ማይክሮፊዚክሱ፣ ማለትም የደመናውን ጠብታ የሚያሰላው ክፍል፣ የሚያዘንበው። በ25 ኪሎ ሜትር ግሪድ፣ በተለይ በሞቃታማው የምድር ክፍል፣ የዝናቡ ትልቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከኩሙለስ ስኪሙ ነው። የተለመዱት የኩሙለስ ስኪሞች ደግሞ ብናኝን አያዩም። ማለትም አንተ ልቀቱን አስገባህ፣ ማይክሮፊዚክሱ ጠብታውን ቆጠረ፣ ዝናቡን ያዘነበው ግን ስለ ጠብታው ብዛት ምንም የማያውቅ ሌላ የኮዱ ክፍል ነው። እንዲህ ከሆነ ያየኸው የዝናብ ለውጥ በቀጥታ ከጠብታው መጠን የመጣ ሊሆን አይችልም። ወይ በጨረሩ በኩል የመጣ ነው፣ ወይ የአየሩ የራሱ መናወጥ ነው።

ይሄን አጥብቄ የምናገረው «ኤሮሶል ዝናቡን እንዲህ አደረገው» (ኤሮሶል ማለት ያው ብናኙ ነው) ተብሎ ሲጻፍ ዝናቡ በየትኛው መንገድ እንደተፈጠረ ሳይነገር ስለሚታለፍ ነው። ብክለት ዝናብን ምን ያደርጋል ከማለታችን በፊት፣ ሞዴሉ ብክለቱን ምን እንዲነካ ፈቅዶለታል ብለን እንጠይቅ። ማይክሮፊዚክስህም ከኬሚስትሪው ጋር በትክክል መያያዙን አረጋግጥ፣ ሁሉም ምርጫ አይያያዝም። ቶምፕሰን ብናኝ-አዋቂ የሚባለው ስኪም ለምሳሌ የራሱን የብናኝ መረጃ ይዞ ነው የሚሠራው፣ ስሙን አይቶ የኬሚስትሪህን ልቀት እያነበበ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው።

ሁለተኛው ነገር ወደ ላይ የሚወጣው አየር ፍጥነት ነው። ስንት ብናኝ ጠብታ እንደሚሆን የሚወስነው አየሩ ምን ያህል ፈጥኖ እየወጣ እንደሚቀዘቅዝ ነው። በአንድ ክምር ደመና ውስጥ ይሄ በሰከንድ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የ25 ኪሎ ሜትር ሳጥን አማካይ ግን በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ሞዴሉ ልዩነቱን ከአየሩ ትርምስ ግምት ነው የሚሞላው። ግምቱ ከተሳሳተ ብናኙ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ የጠብታው ቁጥር አይገኝም።

ሦስተኛው የደመና ጠብታ ወደ ዝናብ የሚለወጥበት ቀመር ነው። ብዙ ሞዴሎች ኻይሩትዲኖቭና ኮጋን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡትን ይጠቀማሉ። በዚያ ቀመር ውስጥ የጠብታው ቁጥር በኔጌቲቭ 1.79 ፓወር ነው የገባው። አስሉት፤ የጠብታው ቁጥር እጥፍ ሲሆን የዝናቡ አጀማመር ፍጥነት ወደ ቀድሞው 29 በመቶ ይወርዳል። ይሄን የሚያህል ተጽዕኖ በአንዲት ቁጥር ውስጥ ተቀምጦ፣ ቁጥሯ ደግሞ የወጣችው ለአንድ ዓይነት የባሕር ላይ ደመና ከተሠራ ጥልቅ ሲሙሌሽን ሆኖ ሳለ ለዓለም ደመና ሁሉ ትሠራለች። ቀመሩን መናቄ አይደለም፣ ትልቅ ሥራ ነው። ግን «ሞዴሉ አሳየ» የምንለው ነገር አንዳንዴ ያቺ ቁጥር ያለችውን መልሶ መናገር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 አይስላንድ ውስጥ ሆሉህራውን ላይ የፈነዳውን እሳተ ገሞራ አንብብ። ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ሰሜን አትላንቲክ ላይ ተበተነ፣ ሳተላይቶች የጠብታው መጠን ማነሱን በግልጽ አዩ። በደመናው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ብናኝ ሲበዛ የደመናውን ውሃ አብዝተው የሚጨምሩ ሞዴሎች እዚያ ላይ ተፈትነው ወድቀዋል።

መብረቅ፦

ሰማያዊት ስለ መናወጡ ጠቅሳ ስላለፈችው እኔ ልቀጥል፣ ምክንያቱም ያ ዝንጉርጉር ካርታ በአብዛኛው እሱ ነው ብዬ ስለምገምት።

ጭጋግ፣ ይሄን ሞክር። ልቀቱን አትንካ። የመጀመሪያው ሰዓት ሙቀት ላይ ብቻ የማይታይ ትንሽ ለውጥ፣ የዲግሪ መቶኛ ያህል፣ ጨምርና ያንኑ ራን ድገመው። ከዚያ ሁለቱን አቀናንስ። ምንም የብክለት ልዩነት ሳይኖር እዚህ የጨመረ እዚያ የቀነሰ ካርታ ታገኛለህ። ነጎድጓድ አሥር ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ማለቱ ለልዩነት ካርታ ይበቃዋል። ስለዚህ ከብክለት ጋር በርካታ ራን፣ ያለ ብክለትም በርካታ ራን ያስፈልግሃል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ለየት ካለ መነሻ የሚጀምር። አማካዮቹ የሚለያዩት ራኖቹ እርስ በርሳቸው ከሚለያዩት በላይ ከሆነ ብቻ ነው ስለ ብክለት የምታወራው። ኮምፒውተር ካጠረህ ዘመኑን አሳጥረህ የራኑን ቁጥር አብዛ። ወይም ልዩነቱን በየሳጥኑ ሳይሆን በሰፊ ክልል አማካይ እየው፣ መናወጡ እዚያ ይበርዳል።

ሌላም አለ። ሰው የሚለቀውን ዜሮ አድርጌያለሁ ብለሃል። ከውጭ በሞዴሉ ክልል ድንበር የሚገባውስ? የድንበር መረጃህን ከዓለም አቀፍ ሞዴል ከወሰድከው እዚያ ውስጥ የሰው ብክለት አለ፣ በነፋስ ተጭኖ ወደ ንጹሑ ራንህ ይገባል። ብናኝ አየር ውስጥ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ በሳምንት ደግሞ ብዙ ይሄዳል።

መናወጡን ለመቀነስ ነጂንግ አብራው የሚሉህም ይኖራሉ። ያኔ ነፋሱን ወደ ታወቀው ሁኔታ ትስበዋለህ፣ ሁለቱ ራኖች ተቀራርበው ይሄዳሉ፣ ልዩነቱም ይጠራል። እኔ እመርጠዋለሁ፣ ለደመናው ጥያቄ በተለይ።

ሰማያዊት፦

መብረቅ፣ በነጂንጉ ላይ አልስማማም፣ ወይም በከፊል ነው የምስማማው። ለደመና ብሩህነት ጥሩ ነው። ለዝናብ ግን ጥያቄው ራሱ የነፋሱ ለውጥ ነው እኮ። ብናኙ መሬቱን አቀዝቅዞ ነፋሱን ቢያዳክም ነጂንጉ ተመልሶ ያስተካክለዋል፣ እኛም ምንም አልሆነም ብለን እንጽፋለን። ዝናብ የሚያጠና ሰው ነፋሱን ማሰር የለበትም። ከታሰረም ከላይኛው ከባቢ አየር ላይ ብቻ፣ ሰፊ ሞገዶቹን ብቻ።

መብረቅ፦

ለዝናብ ከሆነ ይሄን እቀበላለሁ። እንግዲያውስ ሁለቱንም ይሥራው፣ በነጂንግና ያለ ነጂንግ። ልዩነታቸው ራሱ የነፋሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይነግረዋል።

ጭጋግ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ሬይን-ሲን አየሁት፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ዝናብ ከእሱ ነው። የድንበሩን መረጃም ከፈትኩት፣ ሰልፌትና ጥቀርሻ አለበት። እሱን ማውጣት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከብደኛል። በሞዴል ራን እንዲህ ሁሉ ጠፍቶ የሚገኝ ነገር ከሆነ፣ ብክለት የሳህልን (ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያለውን ቀጣና) ድርቅ አምጥቷል፣ የሞንሱንን ዝናብ አዳክሟል የሚባለው ከየት መጣ? እነዚያ ሞዴሎች እኮ ግሪዳቸው ከኔም የባሰ ትልቅ ነው።

አድማስ፦

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ለሥራህ ወሳኝ ነው። እነሱ ያላቸው አንተ የሌለህ ባሕሩ ነው።

የሳህልን ነገር ተመልከት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ከከሰልና ከነዳጅ የሚወጣ ሰልፈር በገፍ ይለቁ ነበር። ሰልፌቱ ያለው ሰሜን ላይ ነው፣ ደቡቡ ንፍቀ ክበብ በአንጻሩ ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ሰሜን አትላንቲክ ከደቡቡ ይልቅ ቀዘቀዘ፣ ወይም መሞቅ በሚገባው ልክ ሳይሞቅ ቀረ። የሞቃታማው ክልል የዝናብ ቀበቶ ደግሞ ወደ ሞቀው ንፍቀ ክበብ ያዘነብላል። ወደ ደቡብ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ሳህል ላይ የወረደው የድርቅ መከራ አንዱ ምክንያት ይሄ እንደሆነ ብዙ ሞዴሎች ያሳያሉ። የባሕሩ የራሱ ተፈጥሯዊ መዋዠቅም አለበት፣ ድርሻቸውን በማካፈሉ ላይ ሞዴሎቹ አይስማሙም። ግን አስቡት፣ የአንዱ አህጉር ጭስ የሌላውን አህጉር ክረምት ሊያዛባ መቻሉን። ዝናብ ጠባቂው ገበሬ ጭሱን አላየውም፣ አልሸተተውም። ይሄ ጉዳይ በቁጥር ጨዋታ ብቻ የሚታለፍ አይደለም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የደቡብ እስያ ሞንሱንም ተመሳሳይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የክረምት ዝናቡ ቀንሷል። ቦላሲና፣ ሚንግና ራማስዋሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ዋናው ምክንያት ሰው ሠራሽ ኤሮሶል ነው ብለዋል፤ ንፍቀ ክበቦቹ እኩል አልሞቁምና ዝውውሩ ተዳከመ።

ልብ በል፣ ሁለቱም ቦታ መንገዱ የደመና ጠብታ በቀጥታ ዝናብን አዘገየ የሚል አይደለም። ብናኙና የነጣው ደመና ብርሃኑን መለሱ፣ ባሕሩ ቀዘቀዘ፣ ነፋሱ ተለወጠ፣ ዝናቡ ተከተለ። ባሕር እስኪቀዘቅዝ ዓመታት ይፈልጋል። አንተ የባሕሩን ሙቀት ከመረጃ አንብበህ ለሁለቱም ራን አንድ ዓይነት ነው የሰጠኸው። ሞዴልህ ፈጣኑን ምላሽ ብቻ ነው ማየት የሚችለው፣ ዘገምተኛው ገና ከመጀመሪያው ተዘግቶበታል። የሌሎችን ቁጥር ከአንተ ጋር ስታወዳድር ይሄን ካላነሳህ ፈታኞችህ ያነሱታል።

ጀንበር፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን እየተከታተልኩ ነው። ብናኝ ምድርን የሚያቀዘቅዝ ከሆነ አየሩን ማጽዳት ሙቀቱን ያባብሰዋል ማለት ነው? ያስፈራል እኮ።

ካፊያ፦

አዎ፣ የተሸፈነ ሙቀት አለ፣ አየሩ ሲጸዳ ይገለጣል። አይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ጉባኤ) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ1750 እስከ 2019 ያለውን የኤሮሶል ተጽዕኖ ኔጌቲቭ 1.1 ዋት በካሬ ሜትር ብሎ ገምቶታል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ፖዚቲቭ 2.16 ነው። ማለትም ካርቦኑ ካመጣው ግማሽ የሚሆነውን ብናኙ ሸፍኖታል። ግን የግምቱን ስፋት እይ፤ ከ0.4 እስከ 1.7 ነው። ትልቁ ድርሻ ደግሞ በደመና በኩል የሚመጣው ነው። ስፋቱ አንዱ ምክንያቱ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት አየሩ ምን ያህል ንጹሕ እንደነበረ የለካ ሰው አለመኖሩ ነው። ንጹሕ አየር ላይ ጥቂት ብናኝ ብዙ ይለውጣል፣ በቆሸሸው ላይ ግን ያው ጥቂት አይታወቅም። የካርስሎው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳየው የእርግጠኛ አለመሆኑ 45 በመቶ የሚመጣው ከተፈጥሮው ልቀት ነው።

መርከቦች ላይ የሆነውን እንይ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የመርከብ ነዳጅ ሰልፈር ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። ባሕር ላይ መርከብ ተከትለው የሚታዩት ነጫጭ የደመና መስመሮች በግልጽ ቀነሱ።

ግን ለማቀዝቀዝ ብሎ ብናኙን ማቆየት የሚታሰብ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከቤት ውጭ ያለው የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ለ4.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለዕድሜ መሞት ምክንያት ሆኗል። ካርቦኑ ለምዕተ ዓመታት ይቆያል፣ ብናኙ ለሳምንት፤ ሁለቱን ማቻቻል አይቻልም። ከብናኙ ጎን ለጎን ሚቴንን መቀነስ ግን ብዙ ይረዳል። ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ስለሆነ ውጤቱ ቶሎ ይታያል።

ጭጋግ፦

አድማስ፣ የባሕሩ ነገር ዓይኔን ነው የገለጠልኝ። እንግዲህ የድንበሩን ብናኝ አጽድቼ፣ በርካታ ራን ሠርቼ፣ መሀል ላይ በ3 ኪሎ ሜትር ግሪድ ኩሙለስ ስኪሙን ያጠፋሁበት ትንሽ ክልል ልክተት ነው ያሰብኩት። ከመረጃ ጋር የማወዳድረው ግን ዝናቡን ነው ወይስ ሌላ?

ሰማያዊት፦

በዝናቡ አትጀምር። ዝናብ የመጨረሻው ውጤት ነው፣ በተሳሳተ ምክንያት ልክ ሊመጣ ይችላል። ሰንሰለቱን ከታች ወደ ላይ ሂድበት። መጀመሪያ የብናኙን የብርሃን ውፍረት (ብርሃን የሚጋርድበትን መጠን) ብናኝን ከመሬት ከሚለኩት የአኤሮኔት ጣቢያዎች ጋር አወዳድር። ከዚያ የጠብታውን መጠንና ቁጥር ሞዲስ ከተባለው የሳተላይት መሣሪያ። ከዚያ የደመናውን ውሃ። ዝናቡ ከዚህ ሁሉ በኋላ። የሚሰበረው ቀለበት የትኛው እንደሆነ በዚህ መንገድ ታውቀዋለህ።

ሳተላይቱን ስትጠቀም አንድ ጥንቃቄ አድርግ። ደመና አጠገብ አየሩ እርጥብ ነው፣ ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሳተላይቱም ብናኙ የበዛ አድርጎ ያየዋል። ብናኝና ደመና አብረው ጨመሩ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። በተመሳሳይ እርጥበትና በተመሳሳይ የአየር መረጋጋት ውስጥ ያሉትን ቀናት ለይተህ ብቻ አወዳድር፣ ሞዴልህንም በዚያው ሰዓትና በዚያው የደመና ዓይነት ላይ ቁረጠው።

ለአማካሪህ አረፍተ ነገር ደግሞ ቅንብሩን አብረህ ጻፍላቸው፤ የባሕሩ ሙቀት እንዳለ ተይዞ፣ በዚህ ግሪድ፣ በዚህ ወቅት፣ ለዚህ የደመና ዓይነት ብለህ። አዲሶቹ ራኖች ሲያልቁ ካርታዎቹን እዚህ ለጥፋቸው፣ ሬይን-ሲ እና ሬይን-ኤንሲን ለየብቻ።